የሙሴ ዘውዴ ምርቃት

ሙሴ ዘውዴ መሞቱን የነገረኝ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እኔ ጎማው ሥር ተንበርክኬ አንድ ብሎን እንቢ ብሎኝ ስታገል፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ፣ «ጋሼ፣ ያ ስቲከር ለጣፊው ሰውዬ ድሬዳዋ ተቀበረ አሉ» አለኝ። ቀና ሳልል «ማን አየው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ክፉ ሆኜ አይደለም። ሙሴ ዘውዴ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ወሬውን ያስወራው ራሱ ነው። መጀመሪያ የሞተው ከአንድ ደንበኛ ሸሽቶ ነበር። ለሰውየው የመኪና በር ላይ አንበሳ እለጥፍልሃለሁ ብሎ የለጠፈለት ነገር ለሁላችንም ድመት መሰለን፤ ባለመኪናው ደግሞ ቁጡ ነበር። ሁለተኛው ሞቱ ምክንያትም የለው። ሰው ስለኔ ምን እንደሚል ልስማ ብሎ ድንበሩ አጠገብ ያለችው አሊ ሳቢዬ ሄዶ አራት ቀን ተቀመጠ። በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና ሜዳው መሀል ቆሞ ያዘኑለትን ሰዎች አንድ በአንድ ተጣላቸው። «ሰው አክባሪ ነበር ያልከው አንተ ነህ? መቼ አክብሬህ አውቃለሁ? በሞተ ሰው ላይ አይዋሽም» እያለ።

ስለዚህ ሦስተኛውን ሞት ቶሎ አላመንኩም። ሾፌሩ ተናዶ ድሬዳዋ ያለ ዘመዱን በስልክ አገናኘኝ። ዘመድየው «አዎ አባቴ፣ እኔም ከቀባሪዎቹ አንዱ ነኝ» ሲለኝ ነው መፍቻውን መሬት ያስቀመጥኩት።

«ሙሴ» ስሙ አልነበረም። ፈረንሳዮቹ ለክብር የሚጠሩበት ቃል ነው፤ እኛ ጅቡቲ የኖርን ሐበሾች የተማረ፣ ወይም የተማረ የሚመስል ሰው ሲያጋጥመን ከስሙ ፊት እናስቀምጥለታለን። ለሱ ግን ማንም አላስቀመጠለትም። ራሱ አስቀመጠው፤ ኋላ እኛም ለመድነው።

ወጣትነቱን የፈጀው በድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። ሥራው ፉርጎ ላይ ቁጥር መጻፍ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በነጭ ቀለም ቁጥር ሲጽፍ ኖረ፤ አንድም ቀን ፊደል ጻፍ ያለው የለም። እንደኔ እንደኔ የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ቁጥር ብቻ ያጎረሱት ሰው፣ ባቡሩ ሲቆም ፊደል ተርቦ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ፒኬ ዱዝ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የኢትዮጵያ መኪኖች ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ነው። እኔ እዚያ ጎሚስታ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ከኔ ቀጥሎ ግማሹ ዝጎ የተበላ ኮንቴነር ነበር። እሱ ውስጥ ገባና በሩ ላይ በፈረንሳይኛ «ዲኮራተር»፣ አስዋቢ ማለት ነው፣ ብሎ ለጠፈ። አጠገቡ ያለው ጎሚስታ እኔ ነኝ፤ ማዶ ያለው ራዲያተር በያጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፍየሎች ናቸው። ዲኮራተር እሱ ብቻ ነበር።

ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ መጥቶ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ወር እንኳ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይለብሳል። እኔን ሲያናግር ሁለት እርምጃ ርቆ ነው፤ ግሪሴ እንዳይነካው። ሥራ ሲይዝ ግን ያ ሁሉ ኩራት ይጠፋና ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ እንደ ሕፃን ተደፍቶ ነው የሚሠራ። መሣሪያው ምን መሰለህ? አንድ ምላጭ፣ አንድ አሮጌ የስልክ ካርድ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ሰልችቷት የሰጠችው የፀጉር ማድረቂያ። ካርዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ስቲከሩን ከመሀል ወደ ዳር ይገፋዋል፤ አየሩ ሲወጣ በጆሮው ያዳምጣል። «ቀለም ጋብቻ ነው» ይል ነበር፤ «ስቲከር ግን እጮኛ ነው፤ ሁለቱም ሳይጎዱ ይለያያሉ።» ራሱ አግብቶ አያውቅም። አጭቶም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን ምርቃቱን ልንገርህ። ሾፌሮቹ የሚፈልጉት የታወቀ ነው፤ የታቦት ሥዕል፣ ንስር፣ የልጃቸው ስም። እሱ የታዘዘውን አሳምሮ ይለጥፍና፣ ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ዞር ሲል፣ ከኋላ ጥግ ላይ ያልታዘዘ አንዲት መስመር ይጨምራል። ገበያ ላይ ነጋዴ ከመዘነ በኋላ አንድ እፍኝ እንደሚጨምረው ማለት ነው፤ እሱም ምርቃት ይለዋል። መስመሯ ግን የባለቤቱን ነውር ፈልጋ የምታገኝ ነበረች። ቤቱን ለረሳ ሾፌር «እናትህ ደህና ናት?» ብሎ ለጠፈለት። ከመንገድ ሁሉ ፈጣን እኔ ነኝ ለሚል አንድ የሞጆ ሰው ደግሞ «ያለፍከው የቆመ ነበር» ብሎ። ያ የሞጆው እሳት ሆኖ መጣ።

«ሙሴ፣ ይሄን አንሳልኝ።»

«ምኑን?»

«ይሄን ስድብ።»

«ስድብ አይደለም፤ ምርቃት ነው። ዋጋ ጠየቅኩህ?»

«አልፈልገውማ።»

«ምርቃት አይመለስም። ሽንብራ ሻጭ ስትመርቅልህ ፍሬውን ለቅመህ ትመልስላታለህ?»

«ሰው ከኋላዬ እያነበበ ይስቅብኛል እኮ።»

«ከኋላህ የሚያነብ ከደረሰብህ እንግዲህ ቀርፋፋ ነህ ማለት ነው። እኔ ምን ላድርግህ?»

ሾፌሩ ራሱ ምላጭ አንስቶ ሊፍቀው ይችል ነበር። አላደረገውም። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ «ነ»ዋ ደብዝዛለችና አድስልኝ አለው። የሙሴ ዘውዴ መስመር የሌለበት መኪና ሁሉ ሰው ያላየው መኪና መስሎ ይታያቸው ጀመር።

የለጠፈውን ግን አያነሳም። ይሄ ሕጉ ነበር። አሮጌ ስቲከር አንሳልኝ ብሎ የመጣን ሁሉ፣ «እኔ ለጣፊ ነኝ፤ መላጥ ካማረህ ሙዝ ገዝተህ ላጥ» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ከጎን ሆኜ በቤንዚንና በጨርቅ አነሳላቸው ነበር። ጎማ ከመለጠፌ በፊት ቅባቱን የማጸዳው በሱ ስለሆነ ቤንዚን ከእጄ አይጠፋም።

እሱና እኔ በአንድ ነገር እኩል ነበርን፤ ወረቀት የለንም። እሱ የባቡሩ መታወቂያ ነበረችው፤ ባቡሩ ሲቆም መታወቂያዋም አብራ ቆመች። እኔ ከመጀመሪያውም አልነበረኝም፤ ካርቲዬ ሲስ የሚባለው ሰፈር ባለቤቴና ሁለት ሴት ልጆቼ አሉ፤ በያመቱ አንድ ሁለቴ አፈሳ ይመጣል። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን በጭነት መኪና ጭኖ ድንበር ላይ ያራግፈዋል። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ ከጎማ ክምር ውስጥ እገባለሁ። ሙሴ ዘውዴ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ብሎ አይደበቅም፤ በሩ ላይ ቆሞ በጥሩ ፈረንሳይኛ ይሟገታል። በጥሩ ፈረንሳይኛ ይጭኑታል። ተመልሶ ሲመጣ፣ «ድሬዳዋ ምን አለኝ? የማውቃቸው ወይ ሞተዋል ወይ እዚህ ናቸው» ይላል። ዕድሜው ሲገፋ ግን ያ መመላለስ እየከበደው መጣ። አንድ ቀን ደረቱን ይዞ ተቀምጦ፣ «የሚቀጥለው አፈሳ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምመለስበት ጉልበት የለኝም» አለኝ። ቀልድ አልነበረም።

ሙሴ ዤራር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ይሄኛው እውነተኛ ሙሴ ነው፤ ጡረታ የወጣ ፈረንሳዊ፣ ሄሮን ሰፈር ባሕሩ አጠገብ የሚኖር። ከአውሮፓ የሚመጡለትን እንግዶች ፈቃድ አውጥቶ፣ በኢትዮጵያ በኩል ባሌ ተራራ ወስዶ ደጋ አጋዘን ያሳድናቸዋል። ሾፌሩ ዑመር የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሙሴ ዘውዴን የጠቆመው እሱ ነው። ሙሴ ዤራር አምስት የአደን ጠመንጃ ነበረው፤ የራሱና የእንግዶቹ። የጠመንጃውን እንጨትና ብረት ሁሉ ቅጠል ቅጠል በሚመስል ዥንጉርጉር ስቲከር ማልበስ ፈልጎ፣ ስቲከሩን ከሀገሩ አስመጥቷል። በራሱ እጅ ሞክሮ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማደደበት።

«ለምንድነው የሚለብሰው?» አለ ሙሴ ዘውዴ።

«አጋዘኑ እንዳያየው» አለ ፈረንሳዊው። «አደኑ ሲያልቅ ይላጣል። ይላጣል አይደል?»

«አዎን፣ ይላጣል።»

ከዚያ ወደኔ ዞሮ ባማርኛ፣ «ሰውየው ራሱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል። ጠመንጃውን ደብቆ ፊቱን የት ሊያደርገው ነው?» አለኝ።

ቲማቲሙ ግን ብልህ ነበር። ሙሴ ዘውዴን ምን እንደጎደለው ከዑመር ሰምቷል። ሥራው ካማረ የቤቴ ሠራተኛ ነው ብዬ ፈርሜ የመኖሪያ ወረቀት አወጣልሃለሁ አለው። ሙሴ ዘውዴ ሲሰማ እጁ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ነካካ። ተቆልፏል፤ ሁልጊዜም የተቆለፈ ነው። እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔን ይዞኝ ሄደ። ጠመንጃ በዘይት የታሸ ነገር ነው፤ ዘይት ባለበት ስቲከር አይዝም። «ቅባት ማጥፋት የጎሚስታ ሥራ ነው» አለኝ። ሁለት ቀን ፈጀብን። ፈረንሳዊው ጥይት የሚገባበትን ብረት ከየጠመንጃው ነቅሎ ቆልፎበታል፤ የሰጠን ባዶውን ነው። እኔ በቤንዚን እጠርጋለሁ፤ ሙሴ ዘውዴ በጋዜጣ ልክ ያወጣል። ቤቱ ክሊማ በምንለው ማቀዝቀዣ በርዶ ስቲከሩ ደረቀበትና ጠመንጃዎቹን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። «ፀሐይ ያለችበት ሀገር ተቀምጦ በማሽን ይበርዳል» እያለ። ከሥር ጀምሮ ይጠቀልላል፤ መጋጠሚያው ከታች እንዲውል። ሰደፉ የሚታጠፍበት ጋ ሲደርስ ካርዱን ትቶ በአውራ ጣቱ ነበር የሚያለሰልሰው። ቃታው ዙሪያ አልነካም። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርም በምላጭ ዙሪያውን ቆርጦ ክፍት ተወው።

«እሱም ቢሸፈን አያምርም ነበር?» አልኩት።

«ቁጥሩ ወረቀቱ ነው» አለ። «ወረቀት የሌለው ምን እንደሚሆን ከኔና ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

አምስቱም ሲያልቁ፣ እውነቴን ነው፣ የሚያምሩ ነበሩ። በረንዳው ንጣፍ ላይ ሲደረደሩ ከደጋ የመጣ ቅጠል የወደቀ ነው የሚመስለው። ከዚያ ትርፍራፊውን ዥንጉርጉር ሰበሰበና ምላጩን አነሳ። ምላሱን በጥርሱ ሲይዝ አየሁ። ገባኝ።

«ሙሴ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ምርቃት።»

«እዚህም?»

«ለሾፌር ሰጥቼ ለፈረንጅ ብከለክል አድልዎ ይሆናል።»

ፊደሎቹን ከዚያው ቅጠላ ቅጠል ቆርጦ ነው የለጠፋቸው፤ ሰደፉ ላይ፣ ጉንጭ ከሚያርፍበት ዝቅ ብሎ። ፊደላችን ለማያውቀው ሰው ጭራሮ ነው፤ ከቅጠሉ ጋር ተስማማ። ለሚያነብ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል። አንዱ ላይ «ምን በደለህ» አለ። አንዱ ላይ «እሱም እናት አለው»። አንዱ ላይ «ቤትህ ሥጋ የለም»። መነጽሩ ትልቅ በሆነው ላይ «ሳትክ»። በሙሴ ዤራር በራሱ ጠመንጃ ላይ፣ ያን ሁሉ መደበቂያ ቅጠል አልብሶት ሲያበቃ፣ «አይተንሃል»።

እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይቺን ግን አነበብኩ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

«ወረቀትህስ?» አልኩት።

«እሱ ማንበብ አይችል።»

«ተራራው ላይ የሚያነቡ አሉ።»

«ለነሱ እኮ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጓዝ ተሸክመው ገደል ሲወጡ ሲወርዱ አንዲት ሳቅ አታምራቸውም?»

ፈረንሳዊው መጥቶ ሰደፎቹን ደባበሰ፤ መጋጠሚያውን ፈልጎ አጣው። ተደስቶ የሁለታችንንም እጅ ጨበጠ። የወረቀቱን ጉዳይ በማግስቱ አስጀመረ።

ተራራው ላይ የሆነውን የነገረን ዑመር ነው። «ሳትክ» የደረሰው አንድ ወፍራም ሐኪም ነበር። መጀመሪያ ቀን ተኮሰ፤ ሳተ። ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ፤ ሐኪሙ ብርድ መስሎት አዘነላቸው። በሁለተኛው ቀን ተኮሰ፤ ሳተ። በሦስተኛው ቀን ገና ሳይተኩስ አንዱ መሬት ላይ ተኝቶ ሆዱን ይዟል። ሐኪሙ ጠመንጃውን አገላብጦ ሲያይ ጭራሮው ጽሑፍ መሰለው። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች መሀል አንድ የተማረ ነበር፤ ወጥ ቤቱ። ምናለ ቢዋሽ? ትምህርት ግን መጥፎ ነገር ነው፤ አምስቱንም አንድ በአንድ፣ በደንብ አድርጎ በፈረንሳይኛ ተረጎመላቸው።

ሙሴ ዤራር ሲመለስ ቀጥታ ፒኬ ዱዝ መጣ። ከመኪናው ወርዶ ሙሴ ዘውዴ በር ላይ ቆመ፤ አልጮኸም። እኔ የገባኝን ያህል እንዲህ ነው ያለው፤

«ወረቀትህ አልቋል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው። እንግዶቹ ጠመንጃቸውን እንደነበረ ይፈልጋሉ። ነገ ቤቴ መጥተህ ትልጠዋለህ፤ ፊደሎቹን ደግሞ እኔ እያየሁ።»

ሙሴ ዘውዴ ሸሚዙን ቁልቁል አየ፤ እጥፋቱን አስተካከለ።

«ይላጣል አልኩ እንጂ እላጣለሁ አላልኩም» አለው።

 ፈረንሳዊው ሁለት ቀን እሰጥሃለሁ ብሎ ሄደ። እኛ ወረድንበት። ራዲያተር በያጁ፣ እኔ፣ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ሳትቀር ኮንቴነሩ በር ላይ ተሰበሰብን።

«አንተ ሰው፣ አምስት ቃል ናት እኮ» አልኩት።

«አሥር ናት። ቆጥሬያታለሁ።»

«እሺ አሥር ትሁን። አሥር ቃል ለወረቀት አትሰጥም?»

«ሃያ ሦስት ዓመት ቁጥር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሥር ቃል ለኔ ብዙ ናት።»

ሴትዮዋ «ወይ ጉድ፣ የእብድ ቀን አይመሽም» ብላ ወደ ማንቆርቆሪያዋ ሄደች። እኔም በልቤ ሳቅኩበት። ሰው ለሃይማኖቱ ተሰደደ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለሀገሩም፤ ለሚስትም የተሰደደ አውቃለሁ። ለ«ሳትክ» የሚሰደድ ሰው ያየሁት እሱን ነው።

ሁለቱ ቀን አለፈ። በሦስተኛው ዑመር መኪናውን እኔ ደጃፍ አቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሙሴ ዤራር እርስዎ ይሞክሩ ብሏል። በቢላ ሊያነሳው ሞክሮ አንዱን ሰደፍ ጫረው። ወረቀቱ ላይ ስምና ፎቶ ብቻ ነው የሚለወጠው።»

 የጎማው ክምር ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ከዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ ተኝቼ የፖሊስ ጫማ ሲያልፍ እንደቆጠርኩ አሰብኩ። ትንሿ ልጄ «አባባ ጎማ ውስጥ ያድራል» ብላ ለጎረቤት መናገሯን አሰብኩ። ከዚያ የቤንዚን ጄሪካኔን አነሳሁ።

ሙሴ ዘውዴ በሩ ላይ ነበር።

«የማን ጎማ ነው?» አለኝ።

«ሄሮን አንድ ሰው ፈንድቶበት ነው።»

«ያለ ክሪክ?»

«ክሪክ አላቸው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ።

ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት ስልጥ ዋልኩ። ሥራው ሥራ ነበርና በቀላሉ አልለቀቀኝም። ከጥግ ይጀመራል፤ በፀሐይ ይሞቃል፤ ተኝቶ ይሳባል፤ ሙጫው የቀረበት በጨርቅ ይታሻል። ፊደሎቹን ወደ መጨረሻ ተውኳቸው። ፈረንሳዊው ወንበር አምጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። «ሳትክ» በሦስት ተነሳች። «አይተንሃል»ን ሳነሳ «ል»ዋ አውራ ጣቴ ላይ ተጣበቀች፤ አራገፍኳት፤ ወደ ሌላው ጣቴ ዞረች። ሙሴ ዤራር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እኔም ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነው ብዬ አብሬው ሳቅኩ። ከሁሉ የምጸጸተው በዚያች ሳቅ ነው።

ሌላ ሳምንት አላለፈም፤ አፈሳ መጣ። ጠዋት ነው፤ መኪኖቹን በሁለት በኩል ዘግተው ያዙን። ፈረንሳዊው ጠቁሞ ነው የሚሉ ነበሩ፤ አይመስለኝም፤ አፈሳ ጠቋሚ አያስፈልገውም። ከጎማው ክምር ውስጥ ልገባ አንድ እግሬን ካነሳሁ በኋላ ወረቀት መያዜ ትዝ አለኝና አወረድኩት። ፖሊሱ ወረቀቴን ሁለቴ አገላብጦ አይቶ «አሌ» ብሎ በእጁ አሰናበተኝ። ሙሴ ዘውዴ ጭነት መኪናው ላይ ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር ቆሞ፣ የብረቱን ዘንግ በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ፣ እንዳይቆሽሽ። ከዚያ ሆኖ አየኝ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ስከት ሁሉ እያየኝ ነበር።

«ጎማው ተነፋ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። 

ከሃያ ቀን በኋላ ያ የሞጆው ሾፌር ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር ደብቆ ሙሴ ዘውዴን መልሶ አመጣው። ሙሴ ዘውዴ ወርዶ ኮንቴነሩን አልከፈተም። መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጣ። ከስቶ ነበር፤ ሸሚዙ ግን ታጥቧል፤ የት አጥቦ እንደተኮሰው እግዜር ይወቀው። «አሳየኝ» አለ። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የመኖሪያ ካርዱ ወጥቶልኝ ነበርና ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ግሪስ ካለበት እጄ ላይ ነገር ተቀበለ። እኔ ፈረንሳይኛ አላነብም፤ እሱ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንዱ መስመር ላይ ቆመ።

«እዚህ ላይ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሙያ፤ ዲኮራተር ይላል። ለኔ የሞላውን አልለወጠውም።»

 እሱ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አድርጎ ደግሞ አየው።

«እንግዲህ ፖሊስ አንድ ቀን እስቲ ሥራህን አሳየኝ ቢልህ ምን ልታሳየው ነው? ጎማ? ሁለታችንም ከምንባረር አንዳችን እንኳ ይቆይ። ና፣ ግባ።»

ሦስት ቀን አስተማረኝ። ያ የሞጆው ሾፌር ተራው እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ማለት ነው፤ ከዚያ ድሬዳዋ ሊያደርሰው ተስማምተዋል፤ ሙሴ ዘውዴ እቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት ብሏል። የተጣለ የፍሪጅ በር አምጥቶ ጀምር አለኝ። ልክ ማውጣት፣ መቁረጥ፣ ከመሀል ወደ ዳር መግፋት። እጄ የጎማ እጅ ነው፤ ስቲከሩን እቀደዋለሁ። «ፍሬን አትያዝ» ይለኛል። «ይሄ መኪና አይደለም፤ አያመልጥህም።» ሲበላሽብኝ አልተቆጣም። ሲያምርልኝም አላመሰገነኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጥግ ሳይጨማደድ ሲታጠፍልኝ፣ ጠጋ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ አጠገቤ ሆኖ፣ ያ ሁለት እርምጃ ጠፍቶ። ስለ ጠመንጃዎቹ አንዲት ቃል አላነሳም። እኔም ላነሳ በጠዋት እመጣለሁ፤ ሳላነሳ ይመሻል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የሞጆው ተራ ደረሰ፤ ጭኖ ተመለሰና ጥሩምባ ነፋ። ሙሴ ዘውዴ ምላጩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። የስልክ ካርዷንና የፀጉር ማድረቂያውን የፍሪጁ በር ላይ አስቀመጠልኝ። ልሸኘው ተከተልኩት። መኪናው ጋ ስንደርስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ሙሴ፣ አንድ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። ይቅር በለኝ ልለው ነበር።

እሱ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ዞረ፤ ያልገባኝ ትምህርት ያለ መስሎት ይሁን አውቆ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሁሉንም አስተምሬሃለሁ» አለኝ። «መላጥ ነው የቀረው። እሱን ታውቅበታለህ።»

ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።